ለራስ ሆድ የሚስማማውን ማወቅ፦ ሥር የሰደደ የሆድ ሕመምን በአመጋገብና በአኗኗር መቆጣጠር

ለዓመታት የሚመላለስ የሆድ ሕመም ያለበት ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ወተት ተው ይለዋል፣ ሌላው ስንዴ፣ ሌላው ደግሞ ጥራጥሬ፤ ሁሉንም የሰማ ሰው በመጨረሻ የሚበላው ይቸግረዋል። የአመጋገብ ለውጥ ዓላማ ግን ገበታን ማጥበብ ሳይሆን፣ ሳይታመሙ ሊበሉት የሚቻለውን ሰፊ ገበታ ፈልጎ ማግኘት ነው። የሚያስኬደውም ሌላ ሰው የተወውን ምግብ መተው ሳይሆን የራስን ሆድ በሥርዓት መከታተል ነው።

ምግብ ከመቀየር አስቀድሞ ሕመሙ ምን እንደሆነ በምርመራ መታወቅ አለበት። የሆድ መነፋት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ አይቢኤስ ከሚባለው የአንጀት ሥራ መዛባት ሊመጡ ይችላሉ፤ ግሉተን የተባለው የእህል ፕሮቲን ትንሹን አንጀት እንዲጎዳ ከሚያደርገው ከሴልያክ፣ የአንጀት መቆጣት በሽታ ከሆነው ከክሮንስ ወይም ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር መፍጨት ካለመቻልም እንዲሁ። አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው። ሴልያክ ያለበት ሰው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን ዕድሜ ልኩን ሙሉ በሙሉ መተው ሲኖርበት፣ ላክቶስ የማይስማማው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ወተት ከምግብ ጋር ቢጠጣ ምንም አይሆንም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው የጨጓራ ቁስለት ደግሞ የሚድነው ባክቴሪያውን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በማጥፋት እንጂ በአመጋገብ አይደለም፤ ይህንን ባክቴሪያ ለይተው ያወጡት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙትም ቁስለቱ ከጭንቀትና ከቅመም ይመጣል የሚለውን የቆየ እምነት ስለለወጡ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ የሴልያክ የደም ምርመራ ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ሰውየው ግሉተን እየበላ ከተመረመረ ብቻ ነው። ስንዴ ትተው ከከረሙ በኋላ መመርመር በሽታው እያለ የለም ሊያሰኝ ይችላል። እንዲሁም በሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ምግብ ለመዋጥ ካስቸገረ፣ የደም ማነስ ከተገኘ ወይም ተቅማጥ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ የአመጋገብ ሙከራውን ትቶ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ መመዝገብ ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት ምንም ሳይቀይሩ የበሉትን፣ የበሉበትን ሰዓት፣ የተሰማዎትን፣ እንቅልፍዎንና የዕለቱን ጭንቀት ይጻፉ። ለምሳሌ አንድ ገጽ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ማታ 2፡30 ፓስታ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሙሉ ሳህን፣ በችኮላ፤ ሌሊት 7 ሰዓት ሆድ መነፋት፣ ከ10 ነጥብ 6፤ ያለፈው ሌሊት እንቅልፍ 5 ሰዓት።» ይህ ገጽ ብቻውን ማንንም አይከስም፤ ስንዴው፣ ቲማቲሙ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ችኮላውና የእንቅልፍ እጦቱ ሁሉም ተጠርጣሪዎች ናቸው። ተመሳሳይ ገጾች ሲደጋገሙ ግን ፍንጭ ይሰጣሉ። ትልቁ አንጀት ደርሰው የሚብላሉ ምግቦች ሕመም የሚቀሰቅሱት ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥፋቱን ሁልጊዜ በመጨረሻው ጉርሻ ላይ ማሳበብ ያሳስታል። የሰገራን መልክ ለመመዝገብም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ ከ1 እስከ 7 የሚቆጥረው የብሪስቶል ሠንጠረዥ ይረዳል፤ 1 እና 2 ድርቀትን፣ 6 እና 7 ተቅማጥን ያመለክታሉ።

አይቢኤስ ላለባቸው ሰዎች በደንብ ከተጠኑት መንገዶች አንዱ በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዳበሩት ፎድማፕን የመቀነስ ሥርዓት ነው። ፎድማፕ የሚባሉት በትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጠጡ፣ ውኃ የሚስቡና ትልቁ አንጀት ሲደርሱ በባክቴሪያ ተብላልተው ጋዝ የሚፈጥሩ የስኳር ዓይነቶች ናቸው፤ በሽንኩርት፣ በስንዴ፣ በጥራጥሬ፣ በወተትና በአንዳንድ ፍራፍሬዎች ውስጥ ይገኛሉ። ሥርዓቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ከ2 እስከ 6 ሳምንት መቀነስ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መመለስ፣ በመጨረሻም የተስማማውን ሁሉ አካቶ መኖር። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ላይ እፎይታ ሲያገኝ እዚያው ይቀራል፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ጉዳት የሚመጣውም በዚህ ነው፤ ምክንያቱም የተተዉት ምግቦች ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚመገቧቸው ናቸው።

ምግብ ሲመልሱ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይሞክሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት፣ በሁለተኛው መካከለኛ፣ በሦስተኛው የተለመደውን ያህል ይብሉ፤ ከዚያም ሌላውን ከመሞከርዎ በፊት ጥቂት ቀናት ያርፉ። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ «ይህን አልችልም» ሳይሆን «ይህን እስከዚህ መጠን እችላለሁ» የሚል ይሆናል። ሽንኩርት ጥሩ ማሳያ ነው። ነጩ ራሱ የሚያውካቸው ሰዎች አረንጓዴ ቅጠሉን ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይበላሉ። በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው አዋኪ ስኳርም በውኃ እንጂ በዘይት ስለማይሟሟ፣ ሙሉውን ፍሬ በዘይት አሙቆ ካወጡት በኋላ በዘይቱ ማብሰል ጣዕሙን ያስቀራል፤ ይህን ዘይት ግን የምግብ መመረዝ እንዳያስከትል ለዕለቱ ብቻ ያዘጋጁት።

ለምግብ አለመስማማት ተብለው የሚሸጡት፣ አይጂጂ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል የሚለኩ የደም ምርመራዎች ይህንን ሥራ አይተኩም፤ የሚያሳዩት በአብዛኛው ሰውየው የበላውን ምግብ እንጂ የሚያመውን አይደለም።

አሰር ያላቸውን ምግቦች በተመለከተም ዓይነቱ ለውጥ ያመጣል። እንደ አጃና ሳይሊየም እንደሚባለው የዘር ገለፈት ያሉት በውኃ የሚሟሙ አሰሮች ለድርቀትም ለተቅማጥም ሲረዱ፣ የስንዴ ፉርሽካ አይቢኤስ ላለበት ሰው ሕመሙን ሊያባብስበት ይችላል። በትንሹ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ፣ ከበቂ ውኃ ጋር መጨመር ይሻላል።

ቃር ለሚያስቸግራቸው ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ሊበልጥ ይችላል፤ እራት ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ትራስ ከመደራረብ ይሻላል፣ ትራስ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናልና። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል።

አንጀትና አንጎል በነርቭ የተሳሰሩ ስለሆኑ የእንቅልፍ እጦትና ጭንቀት ሕመሙን ያባብሳሉ፤ ይህ ማለት ግን ሕመሙ የሐሳብ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ከሆድ በዝግታ መተንፈስ፣ በእግር መሄድና በአንድ ሰዓት መብላት ርካሽ መፍትሔዎች ናቸው። ሲጋራ ማቆም በተለይ ክሮንስ ላለበት ሰው ከማንኛውም የምግብ ለውጥ በላይ ሊጠቅም ይችላል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን ስለሚጎዱ፣ ስለ አወሳሰዳቸው ሐኪም ያማክሩ።

ክሮንስ ወይም አልሰራቲቭ ኮላይተስ የተባለው የትልቁ አንጀት መቆጣትና መቁሰል ያለባቸው ሰዎች ሕመሙ በተረጋጋበት ጊዜም መድኃኒታቸውን በአመጋገብ መተካት የለባቸውም፤ ሲነሣባቸው ጥሬ አትክልትና ፍሬ ያላቸውን ምግቦች ለጊዜው ቀንሰው፣ ሲሻላቸው ቀስ በቀስ ይመልሱ። ብዙ ምግብ የተወ ማንኛውም ሰው ክብደቱን በየወሩ ይመዝን፤ የብረት፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የቫይታሚን ዲ መጠኑንም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ያስመርምር። ባለፈው ዙር ያልተስማማው ምግብም ከጥቂት ወራት በኋላ በትንሽ መጠን እንደገና ሊሞከር ይችላል፤ ሴልያክ ላለበት ሰው ግን ይህ ለግሉተን አይሠራም።