የፔምባን የሌሊት ወፎች ልታዩ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የመጀመሪያው ስህተት ደሴት መሳሳት ነው። አትሳቁ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዛንዚባር የአንድ ደሴት ስም ይመስለናል፤ ግን ኡንጉጃና ፔምባ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ደሴቶች ያሉበት የታንዛኒያ ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን የሚያሳርፈን ኡንጉጃ ላይ ነው። ስቶን ታውን የሚሉት አሮጌው ከተማም፣ በፎቶ የምናውቀው ነጭ አሸዋም እዚያው ነው። የፔምባ በራሪ ቀበሮ የሚሏት ትልቋ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ግን ኡንጉጃ ላይ አንዲትም የለችም። በዓለም ላይ የምትኖረው ፔምባ ላይ ብቻ ነው። የሚገርመው ፔምባ ከአፍሪካ ዋና ምድር የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዚህች የሌሊት ወፍ ወገኖች ግን የአፍሪካን ዋና ምድር ቤቴ አላሉም።

ስለዚህ ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ በትንሽ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አለበለዚያ በጀልባ ትሻገራላችሁ። የሌሊት ወፎቹን የምታዩበት፣ ኪዲኬ የሚባለው የመንደር ጥብቅ ስፍራ ከቻኬ ቻኬ ከተማ በስተሰሜን ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክርም። አንድ ሌሊት ፔምባ እደሩ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራሉ። "ሳ ኩሚ" ካሏችሁ በቃ አስር ሰዓት ነው፤ የእኛው አስር ሰዓት። አንድ ጓደኛዬ ግን "ውጭ አገር ነኝ" ብሎ አስሩን በፈረንጅ ቆጥሮ ጠዋት በአራት ሰዓት ተገኘ። ስድስት ሰዓት ቀድሞ! ሆቴሎችና ጀልባዎች ደግሞ በፈረንጅ ሊቆጥሩ ስለሚችሉ "በየትኛው አቆጣጠር?" ብሎ መጠየቅ አይጎዳም። ለመጎብኘት የሚመቸው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ስትል ነው። እኩለ ቀን ላይ እናንተም ትቃጠላላችሁ፣ የሌሊት ወፎቹንም በክንፋቸው ራሳቸውን ሲያራግቡ ነው የምታገኟቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። ማጨብጨብ።

እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሳልደብቅ ልናገር። ዛፉ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰቅለው ሲያንቀላፉ "ይሄን ብቻ ነው እንዴ ያየሁት?" አልኩ። አጠገቤ የነበረ ሰው "አጨብጭቢ፣ ይነሣሉ" አለኝ። አጨበጨብኩ። ተነሡ። ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሰማዩ ጠቆረ። ፎቶው ቆንጆ ነበር። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ በኋላ ነው።

አንዷ የሌሊት ወፍ ግማሽ ኪሎ ያህል ብትመዝን ነው። በቀን ሐሩር መብረር ለማታ ምግብ ፍለጋ ያጠራቀመችውን ጉልበት ይጨርሳል። እናቲቱ ደረት ላይ የተለጠፈ ግልገል ካለ ሊወድቅ ይችላል። የምትወልደው ደግሞ በአብዛኛው በዓመት አንድ ነው። ጎብኚ ሁሉ ለራሱ ፎቶ አንዴ ቢያጨበጭብ ስንት ጊዜ እንደሚነሡ አስቡት። ሲመርራቸው ዛፉን ጥለው ይሄዳሉ።

ከዛፋቸው ሥር የሚጮህ ሰው ለእነሱ ድሮ ምን ማለት እንደነበርም መርሳት የለብንም። ፔምባ ላይ የሌሊት ወፍ ሥጋ ይበላ ነበር። መሣሪያ የያዘ አዳኝ የሚመጣው በቀን መዋያቸው ሥር ነው። በዚያ ላይ ደኑ ለቅርንፉድ እርሻ ተመነጠረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሊጠፉ ነው ተብሎ ተሰግቶ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቆጠሩት ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ። በኋላ መንደሮች የጥበቃ ክበብ አቋቁመው ቁጥሩ ወደ 20 ሺህ ገደማ አንሰራራ። አሁንም ግን ከስጋት ዝርዝር አልወጡም። እና አስጎብኚው ራሱ "ላስነሣቸው?" ቢላችሁ "ሃፓና፣ አሳንቴ" በሉት፤ አይ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ጉርሻውን ግን አትቀንሱበት። እሱ እኛ የወደድን መስሎት ነው።

ዛፉ ሥር ቆሞ አፍን ከፍቶ ወደ ላይ ማየትም ስህተት ነው፤ ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልገኝም። ባርኔጣ አድርጉ፣ ፈንጠር ብላችሁ በባይኖክላር እዩ። የወደቀች ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፤ የሌሊት ወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊይዝ ይችላል። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙና አጥባችሁ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ደም ትመጥጣለች የሚለውን ግን ተዉት። ማንጎና የሾላ ዘመድ ፍሬ ነው የምትበላው። መንገዷንም የምታገኘው በድምፅ ማስተጋባት ሳይሆን በትልልቅ ዓይኖቿና በአፍንጫዋ ነው። የካሜራ ፍላሽ የማይመከረው ለዚህ ነው።

ሳያስፈቅዱ ዛፍ ውስጥ መግባትም አለ። ፔምባ ላይ አንዳንዱ መዋያቸው የጥንት መቃብር ነው። ሰው ለሙታን ክብር ብሎ ዛፉን ስለማይቆርጥ እነሱም ተጠለሉበት። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን ያየ ሐበሻ ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። የመግቢያ ዋጋም አትከራከሩ፤ መንደሩ ዛፉን ሳይቆርጥ የሚጠቀምበት ገንዘብ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ቶሎ መመለስ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሹፌሩ "እንሂድ" ይላል፣ ጎብኚው መኪና ውስጥ ይገባል፣ እነሱ ደግሞ ልክ ያኔ መንቃት ይጀምራሉ። መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ ሦስት አራት፣ ከዚያ መንጋው በሙሉ። ማንም ሳያጨበጭብ። ስለዚህ ገና ከሆቴል ስትነሡ ከሹፌሩ ጋር ተስማሙ። "ሳ ሞጃ" በሉት፤ የእኛው ማታ አንድ ሰዓት ነው፣ አይሳሳትም።