ቁጥቋጦው ሞቷል ወይስ ዝናብ እየጠበቀ ነው?

የቦረና ቁጥቋጦ በድርቅ ቅጠሉን አራግፎ የሞተ ይመስላል። ለመፍረድ አትቸኩሉ። ቀንበጡን በጥፍር ፋቅ አድርጉት፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ደረቅ ከሆነም ወደ ግንዱ ወረድ ብላችሁ ድገሙት፣ ምክንያቱም ጫፉ ደርቆ ከሥር የሚያቆጠቁጥ ሞልቷል።

ከዚያ ለውጡን ለመከታተል 10 በ10 ሜትር ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉና ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ጋና የተባለው ዝናብ እና ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ሀገያ የተባለው ዝናብ ሲያበቁ፣ ሁሌ እዚያው ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። ችግኙን ከትልልቁ ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ዋናው ወሬ እሱ ጋ ነው። ሣሩ ካልተመለሰ ግራር ቦታውን ይይዛል። ከብት አብዝቶ ሲግጥ ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ ካሎ፣ ማለትም ታጥሮ የተከለለ የግጦሽ መሬት፣ ካለ ለማነጻጸር እዚያም አንድ ቦታ ያዙ።

በአንድ ዝናብ ግን አትደምድሙ፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከድቷል።