ከአራት ኪሎ ወደ ገጠር በብስክሌት፦ መስመር ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከመሀል አዲስ አበባ ተነስቶ ጭር ያለ የገጠር መንገድ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው ርቀት ካርታ ላይ ቀጥታ ሲለካ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደውም በዚህችው ቁጥር ነው።

ኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር

አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጋራ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ ማለት ነው። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ድረስ ያለው አቀበት ያታልላል፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ነው። እዚያ ወርዶ ብስክሌት መግፋት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳፍረው ሜዳ ላይ የለመዱትን ፍጥነት ይዞ «በአንድ ሰዓት ደርሰን እንመለሳለን» ብሎ ጓደኛ መቅጠር ነው።

ሌላም አለ። እንጦጦ የውሃ መክፈያ ነው፤ በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ለብስክሌተኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ወደ ሱሉልታ በኩል ሳትቀዝፉ የወረዳችሁትን ሁሉ፣ ጉልበታችሁ ካለቀ በኋላ መልሳችሁ ትወጡታላችሁ። ለጀማሪ ጋራው ጫፍ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ወዲያ ወዲህ ማለቱ ይበቃል።

የግድ ዙር ካልሆነ ማለት

በሄዱበት መመለስ የማይወዱ አሉ። ዙሩ ካርታ ላይ ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን በሱሉልታ ዞሮ መግባት ማለት የጎጃምን መንገድ ይዞ፣ ከሲኖትራክና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፉ በአዲሱ ገበያ መውረድ ማለት ነው። እኔ በሄድኩበት ብመለስ እመርጣለሁ።

ቀጭን መስመር ሁሉ መኪና የለበትም ብሎ ማመን

ስልክ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ፒስታ ወደ ድንጋይ ካባ የምትወስድ ልትሆን ትችላለች። ያኔ ከዋናው አስፋልት የሸሻችሁት ገልባጭ መኪና እዚያ ይጠብቃችኋል፤ ያውም ከነአቧራው። ከመውጣታችሁ በፊት የሳተላይቱን ምስል አጉልታችሁ እዩ፤ ካባ ካለ ጋራው ተቦድሶ ይታያል። ቦታው ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ የመንገዱን ዳር ቅጠል ተመልከቱ። ዝናብ በሌለበት ወቅት ቅጠሉ አመድ የተነፋበት ከመሰለ፣ ያ መንገድ የከባድ መኪና ነው።

ወቅቱን መርሳት

በአቃቂ በኩል በበጋ በጤፍና በስንዴ ማሳ መሀል የሚያልፈው መንገድ ደስ ይላል። በክረምት ግን ያው መንገድ ዋልካ ነው። ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ በፍሬኑና በሹካው መሀል ይታጨቃል፤ ከዚያ ጎማው መዞሩን ያቆምና ብስክሌቱ እናንተን መሸከሙ ቀርቶ እናንተ እሱን ትሸከማላችሁ። በእንጨት ጫሪ እያወጡ ጥቂት እርምጃ መሄድ፣ እንደገና ማውጣት! የግድ በክረምት መውጣት ካለባችሁ ቀዩ አፈር ወዳለበት ወደ እንጦጦ በኩል፣ ያውም በጠዋት። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አይታመንም። ለእኔ ግን ጥቅምትንና ኅዳርን የሚያህል የለም፤ ዝናቡ አብቅቷል፣ አቧራውም ገና አልከፋም።

ቀን መቁጠሪያ አለማየት

ወር በገባ በ21 የእንጦጦ ማርያም መንገድ በምእመናን ይሞላል፤ በ1 ደግሞ የራጉኤል ነው። ነጠላ ባጣፉ ሰዎች መሀል እያፏጩ መውረድ ነውርም አደጋም ነው፤ በሌላ ቀን ውጡ። ሰው እንዳይበዛ ብሎ ጎህ ሳይቀድ መነሳትም አያዋጣም፤ ጅቡ ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባም። ጸሐይ ስትወጣ፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ መሄድ ይሻላል።

ቁልቁለቱን ለብቻችን የተሠራ አድርጎ ማየት

ከጫካው እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ ወገባቸው ላይ አግድም ስለሚታሰር የእግር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይይዘዋል፤ እነሱም አጎንብሰው ስለሚሄዱ ዞረው ሊያዩዋችሁ አይችሉም። ቃጭል አጠገባቸው ደርሶ ማንጫረር ያስደነግጣል። ከሩቁ ፍሬን ይዛችሁ «እናቴ፣ ከኋላ ነን» በሉና ቦታ እስኪገኝ ከኋላ ተከተሉ፤ ጠባብ ከሆነ ውረዱ።

ጫካው ውስጥ ጎሚስታ የለም፤ ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ ሳትይዙ ከሽሮ ሜዳ አትለፉ።