ቁጥሩ ልክ፣ ፓምፑ የሌላ መኪና

የማወራው ስለ ዋተር ፓምፕ፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ ስለሚያዘዋውረው ዕቃ ነው። ቴርሞስታቱን፣ ቺንጋውንና የራዲያተሩን ክዳን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ሥራው የቆየ መኪናን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መመለስ ከሆነ፣ ዋተር ፓምፑ ውሃ መግፋቱ ብቻ አይበቃም። የዚያው ሞተር፣ የዚያው ዘመን መሆን አለበት። ምሳሌዎቼ ሸቭሮሌና ፎርድ ናቸው፤ በብዛት እጄ ላይ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የድሮ ቮልስ ያላችሁ ደግሞ አትድከሙ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ዋተር ፓምፕ የለውም። የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ ነው።

ምልክት፦ ፑሊዎቹ አይሰለፉም፣ ፋኑ ራዲያተሩን ሊነካ ደርሷል

መንስኤው ርዝመት ነው። የሸቭሮሌ ትንሹ ቪ8 እስከ 1968 አጭር ፓምፕ ነበረው፤ ከ1969 ጀምሮ ረጅሙ መጣ። ኮርቬት ግን በአጭሩ ቀጠለ። ከሞተሩ ጋር ከሚገጥመው ፊት እስከ ፋኑ መቀመጫ ድረስ ለኩ። አጭሩ 14.3፣ ረጅሙ 17.6 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የፎርድ ትንሹ ቪ8 ላይ ደግሞ የታችኛው የራዲያተር ቱቦ መግቢያ በ1970 ወደ ሾፌሩ በኩል ዞሯል። መፍትሄው ትክክለኛውን ፓምፕ መፈለግ ብቻ ነው። ሮንዴላ እየደረደሩ ፑሊ ማሰለፍ የሚባለውን ነገር ተዉት።

ምልክት፦ አዲስ ፓምፕ ገባ፣ መኪናው ማፍላት ጀመረ

ወይ የተገላቢጦሽ ፓምፕ ነው፣ ወይ ርካሽ ክንፍ (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው) ነው። በ1980ዎቹ ባለ ብዙ መስመሩ ሰፊ ቺንጋ ሲመጣ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ፓምፑን የሚያዞረው የቺንጋው ጀርባ ሆነ። ስለዚህ ፓምፑ በተቃራኒ ይሽከረከራል። ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል፣ ብሎኖቹም ይገጥማሉ። በድሮው ቺንጋ ሲዞር ግን ውሃውን በወጉ አይገፋም። የኋላ ሽፋኑን ፈታችሁ የክንፎቹን ጥምዝ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ።

ርካሹ ክንፍ ከቀጭን ላሜራ የተቆረጠ ነው፤ ከቅርፊቱ (ከፓምፑ የውጭ አካል) ጋር ያለው ክፍተትም ሰፊ ነው። መንገድ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ሲቆም የሙቀት መርፌው ሽቅብ ይወጣል። ይህን ቆርቆሮ «ልክ እንደ ኦሪጂናሉ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል።

ምልክት፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ቀኑ ግን ከመኪናው በኋላ ነው

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

ቅርፊቱ ላይ ሁለት ጽሑፍ ፈልጉ። ሁለቱም ከብረቱ ጋር አብረው የፈሰሱ፣ በጣት ሲዳሰሱ ከፍ ያሉ ናቸው። አንዱ የቅርጽ ቁጥር ነው፤ የትኛው ዲዛይን እንደሆነ ይናገራል። ሌላው ብረቱ የፈሰሰበት ቀን ነው። ሸቭሮሌ ላይ የወሩ ፊደል ይቀድማል፣ ቀኑ ይከተላል፣ በመጨረሻ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ይመጣል። ኤ ጃንዋሪ ነው፣ ኤል ዲሴምበር። «ሲ 12 7» ማለት ማርች 12 ነው። ዓመቱስ? 1957፣ 1967 ወይስ 1977? ይህን የሚለይላችሁ የቅርጽ ቁጥሩ ነው። ፎርድ ላይ ዓመቱ ይቀድማል፤ «6 ሲ 12» ይላል። ፎርድ አይ የሚለውን ፊደል ስለሚዘል ዲሴምበሩ ኤም ነው።

ፎርድ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። በ«ሲ5» የሚጀምር ቁጥር ያይና «የ1965 ፓምፕ አገኘሁ» ይላል። ሲ 1960ዎቹ፣ 5 ደግሞ 1965 መሆኑ እውነት ነው። ግን ዓመቱ የዲዛይኑ ነው። በዚያው ዲዛይን ከዓመታት በኋላም ብረት ይፈሳል። መሃል ላይ ያለው 8505 ደግሞ የፓምፕ ቅርፊት መለያ እንጂ ቀን አይደለም።

ፓምፑ ከሞተሩ ይቀድማል፣ ሞተሩ ከመኪናው ይቀድማል። በመካከላቸው ቀናት ወይም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊኖሩ ይችላሉ። ከመኪናው በኋላ የፈሰሰ ፓምፕ ግን በኋላ የተቀየረ ነው፤ ክርክር የለውም።

ታዲያ ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ ከልውውጥ። አሮጌውን ስጥ፣ የታደሰ ውሰድ። ልውውጥ የሚሠሩት ቤቶች ቅርፊት የሚያከማቹት በዓይነት እንጂ በባለቤት አይደለም። የእናንተው ክምሩ ውስጥ ይገባል፣ ከክምሩ የሌላ ሰው ይወጣላችኋል። ቁጥሩን ያዩላችኋል፤ ቀኑ ማንንም አያሳስበውም።

አንድ ደንበኛዬ የ1967 ካማሮ ነበረችው። ካርቡሬተሯም ዲናሞዋም አልተነኩም። ፓምፑ ማንጠባጠብ ሲጀምር ለልውውጥ ሰጠው። ይዞልኝ የመጣው ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ቁጥሩ ልክ የሆነ፣ ቀኑ ግን 8 ላይ የሚያልቅ ፓምፕ ነው። መልሶ ሲደውል «የቱ የእርስዎ እንደነበር በምን እናውቃለን?» አሉት። በምን ያውቃሉ? ፎቶ የለ፣ ምልክት የለ። ሌላው ደግሞ የራሱኑ ቅርፊት አልሰጥም ብሎ አዳነው፤ ከዚያ «ዝገቱን ላንሳ» ብሎ በግራይንደር ቀኑን ልጦ አመጣልኝ። ምን ትለዋለህ?

መፍትሄው የራሳችሁን ቅርፊት ማሳደስ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ቀኑንና ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ከኋላ ሽፋኑ ሥር፣ ጓርኒሲዮኑ በማያርፍበት ቦታ፣ በፓንች ትንሽ ነጥብ ምቱ። «ይኸው ቅርፊት ተመልሶ ይምጣ» የሚለውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቃል አይሆንም። የፋን መቀመጫው ከመውጣቱ በፊት ከቅርፊቱ ፊት ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉ፤ ሲመለስ እዚያው ካልቆመ ፑሊው ይዛባል። ኩሽኔታው በፕሬስ ሲገባ የሚገፋው የውጭ ቀለበቱ ነው። ዘንጉን በመዶሻ የሚመታ ሰው ካያችሁ ፓምፓችሁን ይዛችሁ ውጡ። የድሮው የጊዛ ክንፍ ካልተበላ አትጣሉት፤ በላሜራ እንዳይቀይሩባችሁም ንገሯቸው። ጽሑፉ ያለበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽና በዝገት ማስለቀቂያ ብቻ አጽዱ። ግራይንደር አይነካውም። ሞረድም አይነካውም።

ምልክት፦ ቀኑ ከልክ በላይ ልክ ነው

ሻጩ የመኪናችሁን ቀን ጠይቆ፣ ከዚያ በትክክል የሚገጥም ፓምፕ «አለኝ» ካለ ተጠንቀቁ። ፎርጅድ ቀን አለ። ባትሪ በጎን አብሩበት። በቀኑ ዙሪያ ያለው ብረት ከሌላው ይልቅ ለስላሳ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ የድሮው ጽሑፍ ተልጧል ማለት ነው። ወደ ውስጥ የተመታ ቀንም የፋብሪካው አይደለም፤ ኦሪጂናሉ ከፍ ብሎ የፈሰሰ ነው። አዲስ ወፍራም ቀለም ከተቀባ፣ ከመቀባቱ በፊት የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። የለም ካለ አትግዙ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ፓምፕ ካያችሁ፣ ምናልባት በኋላ የተጨመረ ነው። ከፋብሪካ ፓምፕ ይዘው የወጡት የመጀመሪያዎቹ 2,500 ገደማ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው በሙቀት ራሱ ይዘዋወራል።

ግራሶ መስጫ ያለው በጣም አሮጌ ፓምፕ ጠብ ጠብ ቢል አትደንግጡ፤ የማጥበቂያውን ዳዶ በጥቂቱ አጥብቁ። ግራሶ አታብዙ፣ ራዲያተር ውስጥ ይገባል።

ከዘንጉ በታች ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ካንጠባጠበች የዘንጉ ውሃ ማገጃ (ሲል) አልቋል። በሲሊኮን ወይም በብሎን የሚደፍኗት አሉ። ያኔ ውሃው መውጫ ሲያጣ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፤ ኩሽኔታው ሲበተን ደግሞ ፋኑ ሄዶ ራዲያተሩን ይበላዋል። ቀዳዳዋን ክፈቱ፣ ውሃ ማገጃውን ቀይሩ።