ላፕቶፑ ቻርጅ አላደርግ ሲል፦ ከሶኬቱ ጀምሩ

እዚህ ባሕር ዳር ላፕቶፕ ቻርጅ አላደርግ ካለ መጀመሪያ የሚሰማው «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። እኔም ብዬ አውቃለሁ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ አስገጠምኩ፣ ሰካሁ። ወይ ፍንክች! ችግሩ ለካ የቻርጀሩ ጫፍ መሐል ላይ ያለች መርፌ የምታክል ቀጭን ሽቦ ተጣማ ነው። ከዚያ ወዲህ ከግድግዳው እጀምራለሁ። ባትሪውን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

ሲሰካ ምንም ምልክት ከሌለ

ዲቫይደሩን ነቅላችሁ ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ዶርም ውስጥ ስድስት ላፕቶፕ የተሸከመ ዲቫይደር አይቻለሁ፤ ያ ዲቫይደር አይታመንም። ቀጥሎ ከቻርጀሩ ሳጥን ወደ ሶኬት የሚሄደውን ገመድ እዩ። ይነቀላል፣ ይላላል። ከጓደኛ ተውሳችሁ ቀይሩትና ሞክሩ።

ገመዱን ሲነካኩት የሚይዝ፣ ሲለቁት የሚተው ከሆነ

ወይ ገመዱ ጫፉ አጠገብ ውስጡ ተቆርጧል፣ ወይ የላፕቶፑ መሰኪያ ላልቷል። ለመለየት ተመሳሳይ ቻርጀር ተዋሱ። በሱም ያው ከሆነ ጥፋቱ የመሰኪያው ነው። በአንዳንድ ላፕቶፕ መሰኪያው ለብቻው ይቀየራል፤ በሌላው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ስለተበየደ ጥሩ እጅ ይፈልጋል።

«ፕላግድ ኢን፣ ኖት ቻርጂንግ» (ተሰክቷል፣ ግን አይሞላም) ካለ

ሰው በከንቱ ባትሪ የሚገዛው እዚህ ላይ ነው። አራት ነገር አጣሩ።

አንደኛ፣ የቻርጀሩን ዋት። ቮልቱን በአምፒሩ አባዙት፤ 19.5 ቮልት በ3.33 አምፒር 65 ዋት ገደማ ነው። ላፕቶፑ 65 ፈልጎ 45 ከሰጣችሁት፣ ሊሠራ ይችላል እንጂ ባትሪውን ላይሞላ ይችላል። ዩኤስቢ ሲ ያለው ላፕቶፕም በስልክ ቻርጀር ሲሰካ እንዲሁ ነው። ጫፉ ገጠመ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያቺ መሐል ላይ ያለች ቀጭን ሽቦ። ዴል ቻርጀሩን የሚያውቀው በሷ ነው። ከተሰበረች ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም።

ሦስተኛ፣ ሌኖቮ ከሆነ ኮንሰርቬሽን ሞድ በርቶ እንደሆነ እዩ። እንደ ሞዴሉ 60 ወይም 80 ፐርሰንት ላይ ያቆማል። ብልሽት አይደለም፣ ባትሪው እንዲቆይ ነው። አጥፉት፣ ይሞላል።

አራተኛ፣ ሙቀት። ሚያዝያ ላይ ጣና ዳር ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ እየሠራችሁ ከሆነ፣ ባትሪው ሲግል ራሱ መቀበል ያቆማል። ጥላ ውስጥ አስገቡትና አቀዝቅዙት።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ እምቢ ካለ

አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ሰክታችሁ አብሩት። ብዙ ጊዜ ይነሳል። የመብራቱ መድከም ያን ያህል አያሳስብም፤ አብዛኛው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። የሚያቃጥለው ተመልሶ ሲመጣ የሚዘለው ኃይል ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ክረምት ላይ ሐይቁ ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ስታቢላይዘር አለኝ ብላችሁ አትመኑ። ንቀሉ።

ሞልቶ ቶሎ ካለቀ

አሁን ባትሪውን መጠርጠር ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ powercfg /batteryreport ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ሪፖርቱ የት እንደተቀመጠ ራሱ ይነግራችኋል። ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ ሳለ የሚይዘው) 41,000 ብሎ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሞልቶ የሚይዘው) 20,000 ካለ፣ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ያኔ ይቀየር። ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ግን የሚበላው ሌላ ነው፤ የስክሪኑን ብርሃንና ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች እዩ።

ታችፓዱ ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ

ባትሪው አብጧል። ወዲያው ንቀሉ፣ አጥፉ፣ ባለሙያ ያውጣው። አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ሊቲየም ነው፣ እሳት ይሆናል።

ባትሪ ልትገዙ ስትሄዱ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ካስገጠማችሁ በኋላ ብር ሳትከፍሉ ያንኑ ሪፖርት እዚያው አውጡ። ሳይክል ካውንት (ባትሪው ስንት ዙር ሞልቶ እንዳለቀ የሚቆጥረው) ላይ 200 ምናምን ካነበባችሁ፣ «አዲስ» የተባለው ባትሪ ሌላ ሰው ጋ ቆይቶ የመጣ ነው።