እጩው «ክርክሩ ላይ አልገኝም» ሲል፦ የሐዋሳ አዘጋጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቴሌቪዥን የምርጫ ክርክር ለእኛ ተመልካች እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች በኢቲቪ ፊት ለፊት ሲሟገቱ አገር ቁጭ ብሎ ተከታትሏል። መድረክ ማሰናዳቱም ቢሆን ይለመዳል። ጣቢያም ይሁን ዩኒቨርሲቲ ወይም የሲቪክ ማኅበር ግራ የሚጋባው አንዱ ወገን «አልመጣም» ያለ ቀን ነው። ያን ቀን የሚፈጠረው ትርምስ ደግሞ አብዛኛው የአዘጋጁ የራሱ ስህተት ነው።

በስልክ መጋበዝ

«ለኃላፊው ደውለን ነግረነዋል» ግብዣ አይባልም። ደብዳቤው ከክርክሩ ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድሞ ለፓርቲው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ይግባ፤ ግልባጩም ለእጩው በስሙ ይድረስ። ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትተው ይመለሱ። 3 ሳምንት የሚያስፈልገው ደብዳቤ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየተመራ ቀን ስለሚበላ ነው። ማህተም ያረፈበት ኮፒ በእጅ ከሌለ፣ በክርክሩ ማግስት «ማን ጠራን?» ሲባል የሚመለስ ነገር አይኖርም።

ደብዳቤው ቀን፣ ሰዓት፣ አዳራሽ፣ ቋንቋ፣ የክርክር ርዕሶች፣ የአወያዩን ስምና የመልስ መስጫውን የመጨረሻ ቀን ይያዝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዝምታ «አይገኙም» ተብሎ እንደሚወሰድም በግልጽ ይጻፍ።

ሰው ሲቀር ምን እንደሚደረግ ሳይወስኑ መጋበዝ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ደንብ ከሌለ አዘጋጁ «አንድ ሰው ስለቀረ እንሰርዘው» ወደሚለው ያዘነብላል። አንድ ጊዜ ከተሰረዘ የክርክሩ ቁልፍ በቀሪው፣ ማለትም ባልመጣው እጩ፣ እጅ ገባ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዙር የሚፈራውን ተፎካካሪ ዝም ለማሰኘት «አልመጣም» ማለት ብቻ ይበቃዋል።

የጎረቤታችን የኬንያ ልምድ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሲቀሩ ራይላ ኦዲንጋ ብቻቸውን ቆመው ለአወያዮቹ ጥያቄ መልስ ሰጡ። በ2022 ደግሞ ራይላ ቀሩ፤ ዊሊያም ሩቶ ብቻቸውን ተጠየቁ። በሁለቱም ጊዜ መድረኩ አልታጠፈም። ናይጄሪያ ውስጥ በ2019 ግን ፕሬዝዳንት ቡሃሪ ሲቀሩ፣ እስከ አዳራሹ የመጡት አቲኩ አቡበከር «እሳቸው ከሌሉ» ብለው ተመልሰው ሄዱ። አንዱ መቅረት ሌላውን የሚጎትተው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ደንቡ ከግብዣው ጋር ተያይዞ ይላክ፦ ሁለትና ከዚያ በላይ እጩ ከተገኘ ክርክሩ ይካሄዳል፤ አንድ ብቻ ከተገኘ ወደ ቃለ መጠይቅ ይለወጣል። ቃለ መጠይቁ ላይ አወያዩ ጠንከር ብሎ መጠየቅ አለበት። ለአንድ ሰው የተለቀቀ የአየር ሰዓት ጥያቄ ካልበዛበት የምረጡኝ ቅስቀሳ ይሆናል።

ያልመጣውን እጩ ደቂቃ ለተፎካካሪዎቹ ማከፋፈል

ለ5 እጩዎች የተያዘ የ90 ደቂቃ ክርክር እንውሰድ። መግቢያ ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ፣ በድምሩ 10። 4 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ መልስ 2 ደቂቃ፣ 40። በየጥያቄው 1 ደቂቃ አጸፋ፣ 20። መዝጊያ 10፤ ለአወያዩ 10። አንድ እጩ ሲቀር 16 ደቂቃ ይተርፋል። ለአራቱ 4 ደቂቃ ጨምሮ መስጠት ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀሪው ወገን «የእኔን ሰዓት ለተቃዋሚዎቼ አከፋፈሉት» ብሎ ቢያመለክት ክሱ ውሃ ያነሳል። ፕሮግራሙ በ74ኛው ደቂቃ ያብቃ። የአየር ሰዓቱን ያስያዘው ጣቢያም ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ካልሆነ መሙያ ሲፈልግ ክርክሩን ያስረዝመዋል።

ባዶ ወንበሩን መሳለቂያ ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የእንግሊዝ ጣቢያ በአየር ንብረት ክርክር ላይ ያልተገኙትን ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንን በሚቀልጥ በረዶ ተካቸው። ፓርቲያቸው አቤት አለ፤ ተቆጣጣሪው አቤቱታውን አልተቀበለም። ጆንሰንም ከሁለት ሳምንት በኋላ በሰፊ ድምፅ አሸነፉ። እኛ ዘንድ ደግሞ በሌለበት ሰው ላይ መሳቅ ነውር ነው፤ ተመልካቹ ወዲያው ለቀሪው ያዝናል። ሲዳማ በሸንጎ ከመናገሩ በፊት «አፊኒ?» ብሎ ሰምታችኋል ወይ ሲል ይጠይቃል። የሌላውን ወገን ቃል ሳይሰሙ መፍረድ በዚህ ከተማ አያስከብርም።

አወያዩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ያንብብ፦ «የእገሌ ፓርቲ እጩ በዚህ ቀን በደብዳቤ ተጋብዘዋል፤ በዚህ ቀን በሰጡት መልስ እንደማይገኙ አሳውቀዋል። የሰጡት ምክንያት ይህ ነው።» ምክንያቱ ሳይቆረጥ ይነበብ። ሌላ እጩ «ፈርቶ ነው» ሲል አወያዩ ወደ ጥያቄው ይመልሰው፤ ተመልካቹ የተቀመጠው ስለ ባጃጅ፣ ስለ ሐይቁ ዳርቻና ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ደመወዝ ሊሰማ ነው።

ተወካይ በሩ ላይ ሲደርስ መከራከር

እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ሜይ በቢቢሲው ክርክር ላይ በራሳቸው ፈንታ ሚኒስትራቸውን አምበር ራድን ላኩ። መላክ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው አስቀድሞ ይወሰን። የእኛ ምክር ይፈቀድ ነው፤ ግን ተወካዩ ከዚያው ፓርቲ በክልሉ የሚወዳደር እጩ ይሁን፤ ስሙም ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይድረስ።

የእምቢታውን ምክንያት አለመጠየቅ

ብዙ ጊዜ «ስለሚፈራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በእርግጥ እየመራ ያለ ሰው ክርክር የሚያተርፈው አይመስለውም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960ው የኬኔዲና የኒክሰን ክርክር በኋላ እስከ 1976 ድረስ የፕሬዝዳንት እጩዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት አልተገናኙም፤ ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰንም ኋላም ኒክሰን አልፈለጉም። «ካልመጣችሁ ትሸነፋላችሁ» ብሎ ማስፈራራትም አይሠራም። ሜይ ቀርተው የፓርላማ አብላጫቸውን አጡ፤ የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ዣክ ሺራክ እ.ኤ.አ. በ2002 ከተፎካካሪያቸው ከለፔን ጋር አልከራከርም ብለው ከ100 ድምፅ 82ቱን አገኙ። የፓርቲ ሰዎች ይህን ያውቁታል።

ይልቅ ሊቃለል የሚችል ምክንያት አለ። በሐዋሳ ዋናው ቋንቋ ነው፤ በሲዳሙ አፎ የሚቀናው እጩ በአማርኛ ብቻ ሲባል እጁን ታስሮ እንደሚገባ ይሰማዋል። እያንዳንዱ በመረጠው ይናገር፤ ትርጉም ይኑር። አስተርጓሚው ተከታትሎ የሚተረጉም ከሆነ የ2 ደቂቃ መልስ 4 ይሆናል፤ ሰዓቱ ከመነሻው በዚህ ይሰላ። ሁለተኛው «ቃሌን ትቆርጡታላችሁ» የሚለው ስጋት ነው። ቀጥታ ይተላለፍ፤ ካልተቻለ ያልተቆረጠው ቅጂ በማግስቱ ለሁሉም ፓርቲ እንደሚሰጥ ይፈረም። የንግግርና የመቆሚያ ቅደም ተከተሉ ደግሞ ወኪሎች ባሉበት በዕጣ ይውጣ።

ቀኑን ማስጠጋት

ቅስቀሳ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን 4 ቀን ቀድሞ ይቆማል። ክርክሩን ወደዚያ ማስጠጋት ለእምቢተኛው ሰበብ ይሰጣል፤ ተለዋጭ ቀንም አይኖርም። ቢያንስ 10 ቀን ይቅደም። ጀነሬተሩም ከነነዳጁ ከዋዜማው ጀምሮ ይሞከር።

የቀሪውን ቦታ ማንሳት

አልመጣም ያለ ሰው ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ በሩ ላይ ሊታይ ይችላል። ስሙ የተጻፈበት መቆሚያ፣ ውሃውና ባትሪው የተሞላ ማይኩ እንደ ሌሎቹ ተዘጋጅተው ይቆዩ። ሲደርስ ያለፈው ጥያቄ አይደገምለትም፤ የተጀመረው መልስ እስኪያልቅ በመጋረጃው ጀርባ ይጠብቅና ከሚቀጥለው ጥያቄ ይግባ። የሰዓት ቆጣሪው ሰው የአምስቱንም ሰንጠረዥ ይዞ ይቀመጥ።