ባለ ወረንጦውን ተባይ ከጓሮና ከቤት መከላከል

ጎንደር ላይ ክረምቱ ሲከብድ ከግድግዳ ሥር ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገልበጥ ቢደረግ አይጠፋም፦ ቀጠን ያለ፣ ቡናማ፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጭራው ላይ የእሾህ ማውጫ ወረንጦ የመሰለ መቆንጠጫ ያለው ተባይ። ብርሃን ሲያርፍበት ይራወጥና አጠገቡ ያለ ስንጥቅ ውስጥ ይሰወራል። እዚህ ላይ ባለ ወረንጦ እንበለው።

ሰው ሲተኛ ጆሮ ፈልጎ ይገባል የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። የእንግሊዝኛ ስሙ (earwig) ከጆሮ ጋር የተያያዘውም በዚሁ የቆየ እምነት ነው። መርዝ የለውም፤ በእጅ ቢያዝ ቆንጠጥ ከማድረግ አያልፍም። ልጆችን በእሱ ማስፈራራት አያስፈልግም። ጉዳቱ ያለው ጓሮ ላይ ነው።

ጠዋት የጎመን፣ የሰላጣ ወይም የቆስጣ ችግኝ ተበሳስቶ ሲገኝ ብዙ ሰው በቀጥታ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ቅጠል የሚበሳው ግን ብዙ ነው፤ መላውም ለየቅል ነው። ቅጠሉ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የደረቀ ልጋግ ካለ የቀንድ አውጣ ሥራ ነው። ችግኙ ከመሬት ጋር ተቆርጦ ከተጋደመ ቆራጭ ትል ነው፤ ሥሩ አካባቢ ያለውን አፈር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ጥቁር ፍርፋሪ የመሰለ ኩስ ቅጠሉ ላይ ካለ አባጨጓሬ ነው። ባለ ወረንጦ ልጋግ አይተውም፤ ለጋውን ቅጠል ጠርዙንም መካከሉንም ቦጫጭቆ ይሄዳል። በቆሎ ላይ ደግሞ ጸጉሩን ይከረክማል። እያንዳንዱ የበቆሎ ጸጉር የአንድ ፍሬ መንገድ ስለሆነ ከአበባው ዱቄት ሳይደርሰው የተበላ ጸጉር ፍሬ አይሰጥም፤ እሸቱ ሲላጥ እዚህም እዚያም የወለቀ ጥርስ ይመስላል። እርግጠኛ ለመሆን ማታ 3 ሰዓት ገደማ በባትሪ ወጥታችሁ ቅጠሉን ከሥሩ ገልብጣችሁ እዩ። ቀን ቀን ተደብቆ ስለሚውል በፀሐይ መፈለግ ድካም ነው።

ሁለት ነገር ይስበዋል፦ እርጥበትና ሰውነቱን ከላይም ከታችም ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ስንጥቅ። የጎንደር ግቢ ደግሞ ሁለቱም ሞልተውታል። ያለ ሲሚንቶ የተካበ የድንጋይ አጥር፣ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ፣ መሬት ላይ የተከመረ ማገዶ፣ ውሃ የሚያቁር ዋልካ አፈር፤ በተለይ በቀሃና በአንገረብ ወንዝ ዳር ባሉ ጓሮዎች። አጥሩን አፍርሱ አይባልም። የችግኝ መደቡን ከካቡ ቢያንስ 1 ሜትር አርቁት፤ በመካከሉ ያለውን አረምና የበሰበሰ ቅጠል ጥረጉ። ያ ባዶ መሬት ሲደርቅ ለተባዩ አስቸጋሪ መንገድ ይሆናል። ችግኝ የሚጠጣውም ጠዋት ይሁን፤ ማታ የተጠጣ መደብ ተባዩ በሚወጣበት ሰዓት እርጥብ ሆኖ ይጠብቀዋል።

እናቲቱ አፈር ውስጥ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጎድጎድ አድርጋ እንቁላሏን ትጥላለች። ትታውም አትሄድም፤ ሻጋታ እንዳይዘው እየላሰች እስኪፈለፈል ትጠብቃለች። እንዲህ የሚያደርጉ ነፍሳት ጥቂት ናቸው፤ ሳያደንቁ ማለፍ ይከብዳል። ይህ ጠባይዋ ለጓሮ ባለቤት ይጠቅማል፦ ከመትከል በፊት አፈሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ከተገለበጠ እናትም እንቁላልም ይጋለጣሉ። ዶሮ ያለው ሰው ለሁለት ሦስት ቀን ይልቀቅበት። ችግኝ ከተተከለ በኋላ ግን ዶሮዋ ከተባዩ የባሰች ናት።

ዋናው ሥራ ወጥመድ ነው። ርካሽ ነው፤ በትክክል ከተያዘም ከመርጨት ይበልጣል።

የመጀመሪያው መደበቂያ መስጠት ነው። አሮጌ ጋዜጣ ጣት በሚያህል ውፍረት ጠቅልሉ፣ በክር እሰሩት፣ ውሃ ነክራችሁ ጭመቁት። ሸምበቆ ካለ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል እየቆረጡ መጠቀም ይሻላል፤ በዝናብ አይላሽቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ በመደቡ ዳርና ከካቡ ሥር በየ2 ሜትሩ አስተኙ። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ በ5 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና የሟሟበት ባልዲ ላይ አራግፉት። ሳሙናው የሚያስፈልገው ተባዩ ውሃው ላይ እንዳይንሳፈፍ ነው፤ ባዶ ውሃ ከሆነ በባልዲው ጎን ወጥቶ ያመልጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ወጥመዱን ያስቀምጡና ለሳምንት ይረሱታል። ያልተራገፈ ወጥመድ የተሠራለት ቤት ነው። በየቀኑ አራግፉ፤ የሚያዘው በጣም እስኪቀንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

ሁለተኛው የዘይት ወጥመድ ነው። ባዶ የሰርዲን ጣሳ ጠርዙ ከአፈሩ ጋር እኩል እስኪሆን ቅበሩ። 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ጨምሩ፤ ከሰርዲኑ የተረፈ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ ካላችሁበት ሽታው ይጠራዋል። ገብቶ ዘይት ከነካ አይወጣም። በክረምት ችግሩ ዝናብ ነው፦ ውሃው ከሥር ይሰምጥና ዘይቱን ገፍቶ ያፈሰዋል። ስለዚህ ሦስት ጠጠር ዙሪያውን አድርጋችሁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ክደኑበት፤ ክፍተቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ድንጋዩ ከበድ ካላለ የዓሣ ሽታ የለመደች ድመት ሌሊቱን ትገለብጠዋለች። ዘይቱ ሲሞላ ወይም በሳምንት አንዴ ቀይሩት፤ አሮጌውን መደቡ ላይ አትድፉ።

አመድ መነስነስ የተለመደ ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ መንገዱን ያስቸግረዋል፤ አንድ ካፊያ ሲያገኘው ግን ጭቃ ነው። ስለዚህ በጋ ላይ በቀጭኑ እንጂ በሐምሌና በነሐሴ አትመኩበት። ደጋግሞ ማብዛትም የአፈሩን ጠባይ ይለውጣል። ላምባ መሬት ላይ ማፍሰስ ጭራሽ አይሞከር፤ ችግኙንም አፈሩንም ይገድላል።

ቤት ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ አፈሩ በውሃ ስለጠገበ ወይም ክረምቱ ወጥቶ ውጭው ስለደረቀ መጠለያ ፍለጋ ነው። ደረቅ ክፍል ውስጥ ብዙም አይቆይም፤ በመጥረጊያ ጠርጎ ሳሙና ውሃው ውስጥ መጨመር ይበቃል። መርጨት የተገኘውን ይገድላል፤ የሚገባበትን ቀዳዳ ግን አይደፍንም። ከግድግዳው ዙሪያ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሣር፣ ከፍግና ከአበባ ነጻ አድርጉ፤ ጠጠር ቢነሰነስበት ደግ ነው። ማገዶውን በድንጋይ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። አሸንዳው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው፤ የግድግዳው ሥር አይደርቅም። ከበሩ ሥር ብርሃን የሚታይ ከሆነ ጎማ ቁረጡና በምስማር ምቱበት። የደጅ አምፖል ነጭ ከሆነ በቢጫ ቀይሩት ወይም በጊዜ አጥፉት፤ ማታ የሚበሩትን ነፍሳት ይስባል፣ ባለ ወረንጦውም ይከተላል።

የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ የሚደፈነው በበጋ ነው። ጭድ የተጨመረበት ጭቃ ለቀናት እየተረገጠ ካልቦካ ሲደርቅ እንደገና ይሰነጠቃል። ስንጥቁን አስቀድማችሁ በውሃ አርጥቡ፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ያላቅቀዋል። ለድንጋይ ግድግዳ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ይበቃል።

ፀረ ተባይ መድኃኒት የመጨረሻ ነው። መግዛት ግድ ከሆነ መለያው ላይ ለአትክልት የተፈቀደ መሆኑንና ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ አንብቡ። በላስቲክ ተቋጥሮ ስሙ ሳይታወቅ የሚሸጥ አትግዙ። ያበበ ተክል ላይ አትርጩ፤ ንብ ያልቃል። ጠርሙሱን ለዘይት ወይም ለውሃ መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

ይህ ተባይ የጎመንና የኮክ ክሽክሽም፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት፣ ይበላል። ስለዚህ ኮክ ዛፍ ላይ ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ ካያችሁት ተዉት። ወጥመዱን ከግንዱ ሥር የምታስቀምጡት ፍሬው መለስለስ ሲጀምር ነው።